ለተዝካር ያልሆነው ሸራ

ሸራ ሻጩ ደጃፍ ስደርስ ጥቁር ሻሼን እስከ ቅንድቤ አውርጄ አስሬ ነበር። በጋምቤላ የመጋቢት ፀሐይ ጥቁር የለበሰ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚቃጠለው፤ እኔ ግን ሻሼን ያወረድኩት ለፀሐዩ ብዬ አልነበረም። ሰው እንዳያየኝ ነው። የባሌ አርባ ገና አልወጣም፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት ለሽርሽር መኪና የሚሆን ጥላ ልመርጥ ነበር።

እሱ በነበረ ጊዜ መኪናው የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። አንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ያወጣው አሮጌ ሚኒባስ ነው። ባሌ የክትባት ማቀዝቀዣዎችን የሚጠግን የጤና ቢሮ ሠራተኛ ስለነበር ዕድሜውን የጨረሰው በየወረዳው እየዞረ ነው። ማታር ወርዶ ጀልባ ሲጠብቅ ያድራል፤ ጀዊ መጠለያ ጣቢያ ሄዶ መብራት ሲጠብቅ ይውላል፤ አልጋ ሲያጣ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ይተኛል። «ጡረታ ስወጣ አልጋዬን ይዤ ነው የምሄደው» ይል ነበር። ሚኒባሱን ከገዛ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እሑድም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከመኪናው ጋር ነበር። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ የሚታጠፍ አልጋ ሠራበት። ለቡታጋዙ መደርደሪያ፣ ለውሃው ጄሪካን ማሰሪያ አበጀለት። የመስኮቱን መጋረጃ እኔ ሰፋሁ። የቀረው ጥላው ብቻ ነበር።

ጥላ የሌለው የመኝታ መኪና በእኛ አገር ምድጃ ማለት ነው። ቆርቆሮው ከጠዋት ጀምሮ የጠጣውን ፀሐይ ከሰዓት በኋላ መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ከጣሪያው የዕቃ መጫኛ፣ ከፖርቶመጋላው ጋር ታስሮ ወደ ጎን የሚዘረጋ፣ ዳር ዳሩን ሁለት ቋሚ የሚደግፈው፣ ሲነሡ የሚጠቀለል ሸራ ያስፈልገው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ተሠርቶ አይሸጥም። ሸራው ተመርጦ ይገዛና ሰፊ ዘንድ ይሄዳል። እኛ ግን በምርጫው አልተስማማንም። ዛሬ ነገ ስንባባል ባሌ ታመመ። ወባ ነው ብለን ስናስታምመው ልቡ ኖሯል።

እሱ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ አኙዋ፣ ፕሮቴስታንት ነበር። እኔ በመምህርነት ተመድቤ ከደጋ የመጣሁ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሑድ ጠዋት ከአንድ በር ወጥተን ወደ ሁለት ቤተ ክርስቲያን እንሄድና ተመልሰን አንድ ምሳ እንበላለን። ብዙ ዓመት እንዲህ ስንኖር የከበደን ነገር አልነበረም። ሲሞት ግን ማን ይቅበረው፣ ማን ይዘምር፣ ማን ያልቅስ የሚለው ሁሉ ጥያቄ ሆነ። በእሱ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ የባሌ እህት አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች።

«ተዝካር አታደርጊም አይደል?» አለችኝ።

«አላደርግም።»

«እሱ አይወድም። የሞተ ሰው ጌታ ጋ ነው። ድግስ አይፈልግም።»

«አውቃለሁ እህቴ። ቃሌ ነው፤ አላደርግም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንጣፏን ይዛ መጥታ እኔ ዘንድ ታድር ጀመር። የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመለሳለች። ብዙ አታወራም። ታንኮራፋለች፤ ማንኮራፋቷም ለእኔ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ የሚል ድምፅ ነበር። ልጅ አልወለድንም። ከእሱ ወገን አጠገቤ የቀረችው እሷ ነበረች።

ቀን ቀን ግን ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ለቀስተኛው ሲሳሳ ሚኒባሱ ውስጥ እየገባሁ መሪውን ይዤ እቀመጥ ነበር። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። እየላበኝ እዚያ ተቀምጬ መቲን አስባለሁ። መቲ መጀመሪያ የተመደብኩበት ቦታ ነው፤ እሱን ያወቅሁትም እዚያው ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ሊጠግን መጥቶ ነው። ጫካው፣ ጠዋት ጠዋት ቡናው ላይ የሚተኛው ጉም፣ ጋቢ የሚያስለብሰው ብርድ ታየኝ። መኪናውን ጫካው ዳር አቁሜ፣ ጥላውን ዘርግቼ፣ ማንም «አይዞሽ» ሳይለኝ ጥቂት ቀን ብቀመጥ ብዬ ተመኘሁ። በለቅሶ ቤት መሐል እንደራበው ሰው አፈርኩ። ምኞቱ ግን አልሄደም።

ሸራ ሻጩ በዕድሜ የገፉ ደገኛ ናቸው። ሲያዩኝ ከበርጩማቸው ተነሡ።

«ቲቸር! እግዚአብሔር ያጽናሽ። በዚህ ሐሩር በእግርሽ ነው የመጣሽው?»

«ባጃጅ ነው ያወረደኝ ጋሼ። ሸራ ልይ ብዬ ነው።»

«እንዴታ። ግቢ፣ ተቀመጪ።»

ፀሐይ የማያሳልፍ፣ ደግሞም የማይከብድ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«የማይከብድ ምን ያደርግልሻል?» አሉና ሰማያዊውን ላስቲክ በመዳፋቸው መቱት። ጮኸ። «ይኸው። ንፋስ ሲመጣ እንዲህ ሲንጫጫ ይውላል። ሥሩ የተቀመጠውንም ሰው ይቀቅለዋል። ያ መረብ ደግሞ ለችግኝ ነው፤ ካህናትን መረብ ሥር አታስቀምጪም።»

ካህናት ሲሉ ነገሩ ገባኝ። አርባው ሊደርስ ሲል ጥቁር የለበሰች ሴት ሸራ ልትመርጥ ከመጣች ሌላ ምን ሊመስላቸው ይችላል? መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። እሳቸው ግን «አርባው መቼ ይውላል?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ቀኑን ነገርኳቸው። የጠየቁኝን መለስኩ እንጂ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አረንጓዴውን የጭነት መኪና ሸራ እየጎተቱ አወጡት። ወፍራም ነው፤ የሰምና የናፍታ ሽታ አለው።

«ይህን ውሰጂ። ለተዝካር ሸራ አልሸጥም፣ አውሳለሁ። በሞተ ሰው ላይ ማትረፍ ደስ አይለኝም። ሲያበቃ አጥፈሽ ትመልሺልኛለሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«ዝም በይ! ባልሽ የእኔን ፍሪጅ ስንት ጊዜ ከሞት አስነሥቶልኛል። ጴንጤ ቢሆንም ሰው ነበር።»

ምን ልበል? ተዝካር አይደለም፣ መቲ ሄጄ ጫካ ዳር ልቀመጥበት ነው ልበላቸው? በዚያ ጥቁር ልብስ? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩና ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ ሸራው ወንበሩን ሞልቶት እኔ በጎኔ ተቀመጥኩ። ይዤው የምሄደው የሰው ንብረት ነበር፤ የማይቆረጥ፣ የማይሰፋ፣ ለመኪናው የማይሆን፣ ላልደግሰው ድግስ የተዋስኩት።

ከባጃጅ ስወርድ ጎረቤቴ ደጇ ላይ ነበረች። በእድራችን ሴቶቹን የምታስተባብር ልበ ደግ ሴት ናት። ሸራውን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እሰይ! እኔም እኮ መጠየቅ ፈርቼ ነው። ለዘመድ ብላ ነፍሱን ትረሳዋለች እንዴ እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ጌሾው ከእኔ ነው። አታስቢ።»

እሷንም «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አልኳት። ይህችን ቃል በእነዚያ ቀናት የተጠቀምኩባትን ያህል ተጠቅሜባት አላውቅም።

በእኛ ሰፈር ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። የባሌ እህት ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር። በረንዳው ላይ የተጠቀለለውን ሸራ ቆማ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሸራ ነው።»

«ሸራ መሆኑን አያለሁ። ዓይን አለኝ። የምን ሸራ?»

የሸራውን ጫፍ በእግሬ ወደ ግድግዳው ገፋሁት።

«መንገድ ላይ ሴቶቹ ‹ለወንድምሽ ተዝካር ሊወጣለት ነው› አሉኝ። ‹ቲቸር ቃል ሰጥታኛለች› አልኳቸው። ሳቁብኝ።»

«ተዝካር አይደለም እህቴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

መኪናው ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። ዞር ብትል ታየዋለች። ለእሷ መንገር ግን ለሽማግሌው ከመንገር ይብስብኝ ነበር፤ ወንድሟን ቀብራ እንባዋ ሳይደርቅ እኔ ለሽርሽር እየተሰናዳሁ ነው ማለት ነውና። «ሌላ ነገር ነው» አልኳት።

«ሌላ ነገር!» አለች። ጮክ አላለችም። «በሕይወት እያለ ሃይማኖቱን አልነካሽም። ጥሩ ሰው ነሽ ብያለሁ፤ ለእናታችንም ነግሬያታለሁ። አሁን ከሞተ በኋላ ልትቀይሪው ነው? አሁን እምቢ ማለት አይችልማ!»

ምንጣፏን ጠቅልላ ሄደች። እስከ በሩ ተከተልኳት፤ አልዞረችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የማይጨበጡ ነበሩ። ጎረቤቴ ጌሾውን ደጇ ላይ አሰጣች፤ ሌላዋ ደግሞ እንስራ አመጣች። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ይቆም ነበር። አልተናገርኩም። እውነቱን ልጻፍና፣ ሸራውን መለካቴም አልቀረም። ማንም በሌለበት ሰዓት አውጥቼ ከመኪናው ጋር አስተያየሁት። ፖርቶመጋላው አይችለውም። እህቱ በእኔ ምክንያት አዝና ሄዳ እኔ ይህን ስለካ እንደነበር ማንም አላየኝም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

ቤቱ ዝም ሲልብኝ ወደ ባሌ እህት ሄድኩ። ግቢዋ ወደ ባሮ ወንዝ ሲወረድ ነው፤ መሬቱ ሁልጊዜ የተጠረገ ነው። ብቻዋን ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። «ግቢ» አላለችኝም፣ «ውጪ»ም አላለችኝ። ተቀምጬ አንድ በቆሎ አንሥቼ መፈልፈል ጀመርኩ።

«ለመኪናው ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሸራው። የመኪናው ጥላ ሊሆን ነው። ተዝካር የለም። ኖሮም አያውቅም።»

እጇ ቆመ። «ለመኪና» አለች።

«መቲ ልሄድ አስቤ ነው። ጥቂት ቀን።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ምንም። ልቀመጥ።»

ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ተዝካር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተዝካር ስህተት ነው፤ ግን ለሱ ነው። ይሄ ላንቺ ነው።»

ያለችውን ሁሉ አስቀድሜ ለራሴ ብዬዋለሁ፤ በእሷ አፍ ስሰማው ግን እንደ አዲስ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። በቆሎዬን መፈልፈል ቀጠልኩ። እሷም የራሷን አነሣችና ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰው ይይዛል?»

«ጥላው?»

«አዎ።»

«ሁለት ወንበር።»

«ወንድሜ ‹ሁለት ወንበር› አለ?»

አላለም። ያልተስማማነው በዚህ ነበር። እሱ ከመኪናው ርዝመት የሚተርፍ ሰፊ ሸራ ነበር የፈለገው። «ጥላ ካለ ሰው ይመጣል፤ የመጣውን ሰው ፀሐይ ላይ አቁመን ልናወራው ነው?» ይለኛል። እነሱ ዘንድ ጥላ አንዴ ከተዘረጋ የአላፊ አግዳሚው ነው። እኔ ግን ትንሽ ፈለግሁ። ከተጋባን ጀምሮ ቤታችን ከዘመዶቹ ተለይቶ አያውቅም፤ ለሆስፒታል የመጣ፣ ለትምህርት የመጣ፣ ለፍርድ ቤት የመጣ ያርፍበታል። አበላሁ፣ አነጠፍኩ፣ አንድ ቀን ፊቴን አላጠቆርኩም። ሚኒባሱ ግን ከሁለት ሰው በላይ አያስተኛም፤ እኔም የወደድኩት ለዚህ ነበር። ጥላውም እንደዚያው እንዲሆን ፈለግሁ። ይህን ለእሷ እንዴት ይነገራል? ከዘመዶቹ አንዷ እሷ ናት።

«እሱ ትልቅ ፈለገ፣ አንቺ ትንሽ» አለች። «አውቃለሁ። ነግሮኛል።»

የያዝኩት በቆሎ ከእጄ ወደቀ። «ምን ብሎ?»

«እየሳቀ ነው። ‹ሚስቴ ከናንተ ልትደብቀኝ ነው› አለ።»

ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ፤ ሐዘኑ ከኀፍረቱ የቱ እንደበዛ አላውቅም። ሳበቃ «እያወቅሽ ነው እኔ ዘንድ ያደርሽው?» አልኳት።

«ብቻሽን ነበርሽ» አለች። ከዚያ በቆሎውን ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራግፋ ሰጠችኝ። «ይሄን ጨርሺው። ነገ ከሥራ ስወጣ ሸራ ቤት እንገናኝ። ብቻሽን ከሄድሽ ለሽማግሌው ዝም ትይዋለሽ። ሌላ ሸራ አሸክሞ ይልክሻል።»

በማግሥቱ ሸራውን ባጃጅ ላይ ጭኜ ስደርስ ቀድማኝ ቆማ ነበር፤ የሥራ ካፖርቷን እንኳን አላወለቀችም። ለትልቅ ሰውም «አንተ» ነው የምትለው፤ ለሽማግሌውም አልቀየረችም።

«ሸራህን መልሰናል ጋሼ» አለች።

«አርባው መቼ ወጣና?»

«ተዝካር የለም። ወንድሜ የጌታ ነው። ሸራው ለመኪና ነበር። የወንድሜ ሚስት መቲ ሄዳ ልትቀመጥ ነው።»

ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ከጎን ያለው ሚስማር ሻጭ አንገቱን አውጥቶ አየን። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት ነው ቲቸር?»

«እውነት ነው ጋሼ። ያን ቀን ልነግርዎት አፈርኩ።»

ለረጅም ጊዜ ሸራውን እንጂ እኔን አላዩም። «እኔ እኮ ለቄሱ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለነፍሱ እኔም ሸራ አዋስኩ ብዬ።»

«እንግዲህ ሸራው ተመለሰ ብለህ ንገረው» አለች የባሌ እህት።

መሳቅም መቆጣትም ፈልገው ሁለቱንም ተዉት መሰለኝ። ሸራውን ወደ ውስጥ ጎትተው አስገቡና ሲመለሱ «ለመኪና ከሆነማ ይህ ምን ያደርጋል፣ ጣሪያውን ይሰብረዋል» እያሉ ሌላ ጥቅል ይዘው መጡ። አመድማ መልክ ያለው፣ ቀጠን ያለ የድንኳን ጨርቅ ነው። ድሮ «ተቀመጪ» ይሉኝ ነበር፤ ያን ቀን አላሉኝም። የባሌ እህት ጨርቁን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ዘርግታ ፀሐዩ ላይ ቆመች። ቀጥላ ደግሞ አረንጓዴ የሆነ ቀጭን ሸራ አንሥታ ሥሩ ቆመች። በአረንጓዴው ፊቷ የታመመ ሰው ፊት መሰለ። በአመድማው የራሷ ፊት ነበር፣ ጥላው ብቻ ያረፈበት።

«ይኸኛው» አልኩ።

«ስንት ሜትር ልቁረጥ?» አሉ ሽማግሌው መቀሳቸውን አንሥተው።

አየችኝ። «ሰፋ ይበል ጋሼ፣ ትልቅ ይሁን» አልኩ።

«ለምን?» አለች እህቱ። «እኔን ደስ እንዲለኝ? ትንሽ ነው የፈለግሽው፣ ትንሽ ውሰጂ። አሁን ትልቅ ወስደሽ ለብቻሽ ብትቀመጪበት ምን ያደርጋል? ለሁለት ወንበር ቁረጥላት ጋሼ። መቲ ዛፍ ሞልቷል፤ እኔ ከመጣሁ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ።»

ሽማግሌው እኔን መልሰው ሳይጠይቁ ቆረጡት። እውነቷን ነበር፤ ትንሽ ነበር የምፈልገው፣ አሁንም ትንሽ ነው የምፈልገው። በዚህ እንዳፈርኩ ጥቅሉን ተቀበልኳቸው።

ጥቅሉ ብዙ አይከብድም፤ ግን ረጅም ስለሆነ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። ከገበያው ስንወጣ በጓሮው መንገድ፣ ከኒም ዛፎቹ ጀርባ እንሂድ አልኳት። «ሸክም ይዤ በጓሮ አልሄድም» አለችና ፊት ፊት በአስፋልቱ መራችኝ።

ጎረቤቴ ደጇ ላይ ጌሾዋን እየገለበጠች ነበር። ቀና ብላ ጥቅሉን አየች።

«ሁለተኛ ሸራ? ያኛው አልበቃ አለ እንዴ?»

የባሌ እህት ቀድማ ትናገርልኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ጥቅሉን እንደያዘች ቆማ አስፋልቱን ታያለች እንጂ አፏን አልከፈተችም። ይህን ለእኔ ትታልኛለች።

«ተዝካር የለም» አልኩ። «ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጌሾሽን በከንቱ እንድታሰጪ አደረግኩሽ። ይህ ለመኪናው ጥላ ነው። መቲ ልሄድ ነው።»

ጎረቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ጥቁሩን ልብሴን አየች፣ ጥቅሉን አየች። «ከማን ጋር?» አለች።

«ብቻዬን።»

ጎንበስ ብላ ጌሾዋን ወደ ሰፌዱ ትሰበስብ ጀመር፤ ደረቁም እርጥቡም አንድ ላይ። እዚያው ቆሜ ሌላ ቃል ስፈልግ ጥቅሉ ከእጄ ሊያመልጥ ሳበኝ። የባሌ እህት መንገዷን ቀጥላ ነበር፤ ጫፉን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ተከተልኳት።